ልጄ መስከረም ላይ ነርሰሪ ትገባለች፤ ምን ላልብሳት? ስንት ልብስስ ይበቃል?

የቡቡ እናት፦

ሰላም እናቶች፣ አባቶች፣ ሁላችሁም። ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሯ ነው። እስካሁን እናቴ ጋ ነበር የምትውለው። አሁን እናቴን ጉልበቷን እያመማት ልጅ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ከብዷታል፣ እኔም ሥራዬን መተው አልችልም፣ ስለዚህ ሰፈራችን ያለ ነርሰሪ አስመዝግበናታል። ዩኒፎርም የላቸውም። የሰጡን ወረቀት ላይ «ምቹ ልብስ፣ 3 ቅያሪ፣ ብርድ ልብስ፣ ሁሉም ላይ ስም ይጻፍ» ይላል። አለቀ። ምቹ ልብስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እባካችሁ አንድ ሰው ይንገረኝ።

ትናንት ማታ ቁም ሳጥኗን ከፍቼ ልብሷን በሙሉ አልጋ ላይ ዘረገፍኩት። ሳቄ መጣ። የክርስትና ቀሚስ፣ የልደት ቀሚስ፣ ሌላ የልደት ቀሚስ፣ የእንቁጣጣሽ የሀገር ልብስ፣ ቀበቶ ያለው ጂንስ፣ ከጀርባው 6 ቁልፍ ያለው ነጭ ሸሚዝ። ሁሉም የፎቶ ልብስ ነው። ለአፈር፣ ለቀለም፣ ለሽሮ የሚሆን ብፈልግ ብፈልግ ያገኘሁት 2 ቱታ ነው፣ አንዱም ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። ለካ ዘመድ ሁሉ የሚያምር ነገር ይሰጣል እንጂ ቱታ ስጦታ ብሎ የሚያመጣ የለም።

ጭንቀቴን ልዘርዝረው። ፖፖ ገና እየለመደች ነው። ቤት ስትሆን ትናገራለች፣ ሰው ቤት ከሄድን ግን ጨዋታ ይዟት ትረሳዋለች። ጠዋት ከቤት የምንወጣው 1 ሰዓት ተኩል ነው፣ ያን ሰዓት ብርዱ ያንዘፈዝፋል፣ 6 ሰዓት ላይ ደግሞ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ውሃ በፈረቃ ነው፣ በሳምንት 2 ቀን፣ ስለዚህ በየቀኑ ማጠብ የሚባል ነገር የለም። እህቴ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከሜሪላንድ ትመጣለች፣ «ምን ላምጣ» እያለች ትጨቀጭቀኛለች፣ ካልነገርኳት ሦስተኛ የልደት ቀሚስ ይዛ እንደምትመጣ አውቃለሁ። ኑሮውን ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ስንት ሱሪ? ከላይስ? ጫማስ ምን ዓይነት? የተሳሳታችሁትን ንገሩኝና እኔ ሌላ ስህተት ልሥራ።

ሚስ ነኝ፦

እህቴ፣ እኔ መዋያ ውስጥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ያውም ያንቺ ልጅ የምትገባበት ዕድሜ ላይ። ስለዚህ ወላጅ በር ላይ አድርሶ ከሄደ በኋላ የማያየውን ልንገርሽ።

ጠዋት 4 ሰዓት ላይ መክሰስ በልተው እንደጨረሱ አንዷ «ሚስ ሽንቴ» ትላለች። አንዷ ካለች አለቀ፣ ሁሉም ይላሉ። 14 ልጅ፣ 2 ሠራተኛ፣ 4 ፖፖ። በዚያች ደቂቃ ልጅሽ የለበሰችው ቀበቶ ያለው ጂንስ ከሆነ፣ ወይም ያ በትከሻ የሚንጠለጠለው ሱሪ ከሆነ፣ እኔ ፈትቼ እስክጨርስ ሁሉም ነገር አልቋል። ልጅቷ ምን አጠፋች? ተናግራለች። ግን ረጠበች፣ አፈረች፣ በማግስቱ መናገሩን ትተወዋለች። «ቤት ለምዳ ነበር እኮ፣ እናንተ ጋ መጥታ ነው የረሳችው» የሚል ወላጅ በየዓመቱ አለ። አንዳንዴ እውነቱን ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሱሪው ነው።

ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ምክር አንድ ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ። ወገቡ ለስለስ ያለ ላስቲክ የሆነ፣ እሷ ራሷ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ታች የምታወርደው ሱሪ። ቤት ሞክሪው። አልብሰሻት «አውልቂው» በያትና እጅሽን አጣጥፈሽ ተመልከቻት። እስከ 10 ቆጥረሽ ካላወረደችው ያ ሱሪ የቅዳሜና የእሑድ ነው። ታይት ይሆናል፣ ግን በጣም የሚጣበቀው ሲረጥብ ከእግር ላይ አልላቀቅ ይላል። ስቶኪንግ እባካችሁ አትላኩብን። ከእግር መሃል የሚቆለፈው የሕፃን ቦዲም ፖፖ ለሚለምድ ልጅ አይሆንም፣ ሲረጥብ እስከ ብብት ነው የሚደርሰው።

ብርዱን ደግሞ በአንድ ወፍራም ሹራብ አትዋጊው። ጠዋት ተሸፋፍና የመጣች ልጅ 5 ሰዓት ላይ ሹራቧን ሳወልቀው ካኔተራዋ በላብ ርሶ አገኘዋለሁ፣ ከሰዓት ደመና ሲመጣ ያው ላብ ይበርዳታል። ካኔተራ፣ ላዩ ላይ እጅጌው ረዘም ያለ ቀጭን የጥጥ ቲሸርት፣ ላዩ ላይ ከፊት በዚፕ የሚከፈት ሹራብ። ሲሞቅ አንዱን አነሳለሁ፣ ሲበርድ እመልሳለሁ። ከፊት የሚከፈት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንገቱ ጠባብ የሆነ በጭንቅላት የሚወልቅ ሹራብ ጆሮ ላይ ሲይዝ የሚነሳውን ለቅሶ ሰምተሽ ብታውቂ ትረጂኝ ነበር። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የአዲስ አበባ ጠዋት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ያኔ ኮፍያና አንድ ተጨማሪ ቀጭን ነገር ትደርቢያለሽ፣ እንጂ አሁን ለመስከረም ብለሽ ወፍራም ጃኬት አትግዢ።

ጫማ የሚለጠፈው ዓይነት ይሁን። ማሰሪያ አይሆንም፣ የ14 ልጅ ማሰሪያ አስቢው፣ 28 ጫማ ነው። ሶሉ እጠፍ ሲሉት የሚታጠፍ፣ ተረከዙን ያዝ የሚያደርግ። ደግሞ ያ ሲረግጡት መብራት የሚያበራው ጫማ... አንዷ አድርጋው ስትመጣ የተቀሩት ቀኑን ሙሉ እግሯን ሲረግጡ ይውላሉ።

ስም ስትጽፊ የአባቷንም ጨምሪ። ባለፈው ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ 3 ናሆም ነበረን። «ናሆም» ብቻ የተጻፈበት አንድ ሰማያዊ ሱሪ ሦስቱም ቤት ታጥቦ ተመልሷል።

የመንታዎች አባት፦

ሚስ የተናገረችው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ የቁጥሩን ልመልስ። ሁለት ወንዶች አሉኝ፣ አሁን 4 ዓመታቸው ነው።

«5 ሱሪ ይበቃል» የሚልሽን አትስሚ። ሱሪን የሚወስነው ውሃ ነው። እኛ ጋ ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ነበር። በሁለቱ መሃል ረጅሙ 3 የትምህርት ቀን ነው። መጀመሪያ ሰሞን በቀን 2 ሱሪ እንደሚረጥብ ቁጠሪ፣ 6 ሆነ። መስከረም መጀመሪያ ላይ ዝናቡ ገና አልለቀቀም፣ ወፍራም የጥጥ ሱሪ ቤት ውስጥ ተሰጥቶ ለመድረቅ 2 ቀን ይፈጅበታል፣ ስለዚህ 2 ጨምሪ። 8 ሱሪ፣ እዚያው ነርሰሪ የሚቀመጠውን ጨምሮ። ከላይ 6 ይበቃል፣ ሲበሉ ሽርጥ ያደርጉላቸው እንደሆነ ጠይቂ። የሚከፈት ሹራብ 3። ሙታንታ ግን 12። አትሳቂ። ካልሲም እንደዚያው፣ ሁሉንም አንድ ዓይነት አንድ ቀለም ግዢ፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይተካዋል። ይህን ለመረዳት እኔ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ጥቅምት ላይ ፀሐዩ ሲወጣ ልብሱ በግማሽ ቀን ይደርቃል፣ ያኔ 8ቱ ይበዛል ትያለሽ። እስከዚያ ግን ሁለቱ ጉልበታቸው ተቀዷል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ እኔ ከ8ቱ 5ቱን ከሰልቫጅ ነው የገዛሁት። ጠዋት በማለዳ፣ ቦንዳ ሲፈታ። የልጅ ልብስ ከአዋቂው ይሻላል፣ ምክንያቱም ልጅ ሳይጨርሰው ያድጋል። ሱሪውን ወደ ብርሃን አንስተሽ ጉልበቱን እዪው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ አስቀምጪው። ላስቲኩን 3 ጊዜ ሳቢና ልቀቂው፣ ተመልሶ ካልተሰበሰበ ሞቷል። ዚፑን እዚያው ከፍተሽ ዝጊ። አንድ የሚወደድለት ነገር ደግሞ አለ፣ ሰልቫጅ ስንት ጊዜ ታጥቦ የመጣ ነው፣ የሚሸበሸበው ተሸብሽቧል፣ የሚለቀው ቀለም ለቋል። አዲስ ገዝቼ አንድ ጊዜ ሳጥበው ቁርጭምጭሚት ላይ የደረሰ ሱሪ አለኝ።

ቀለም ስትመርጪ ነጭ ይቅር፣ ጥቁርም ቢሆን አፈርና ለሃጭ ያጎላል። የሚያዋጣው ዝንጉርጉሩ ነው፣ አበባ፣ ነጠብጣብ፣ ምናምን። እድፍ ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም። ቀይ ወጥና ስጎ ዘይት አላቸው፣ ውሃ ውስጥ ከመንከርሽ በፊት በደረቁ ላርጎ ቀቢውና ትንሽ ይቆይ። ወተት፣ እንቁላልና ደም በቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ ሙቅ ካደረግሽባቸው ይበስሉና ጨርቁ ላይ ይቀራሉ። የአልጫው እርድ አለ አይደል፣ እኔን ያሸነፈኝ እሱ ነበር። በረኪና ሁሉ አድርጌበት የልብሱን ቀለም አበላሽቼ ቢጫው ቀረ። ኋላ እናቴ ናት ያሳየችኝ። አጥበሽ እርጥቡን ፀሐይ ላይ ታሰጪዋለሽ፣ ደግመሽ ታሰጪዋለሽ፣ ፀሐዩ ራሱ ያጠፋዋል።

የልዑል እናት፦

ይቅርታ ግን ሰልቫጅ ለሕፃን ልጅ? ማን እንደለበሰው የማይታወቅ ነገር? የልጅ ቆዳ ስስ ነው። ትንሽ ገንዘብ ለማትረፍ ሐኪም ቤት መመላለስ ይመጣል። ሦስት ይሁን፣ አዲስ ይሁን።

የመንታዎች አባት፦

የልዑል እናት፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ሦስት አዲስ ሱሪ ይዤ ሁለት ልጅ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አሳድጌ ባሳይሽ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ሰልቫጁን በፈላ ውሃና በኦሞ ዘፍዝፌ አድራለሁ፣ ፀሐይ አስመታዋለሁ፣ በሁለቱም በኩል እተኩሰዋለሁ። ሙታንታ፣ ካኔተራና ካልሲ ግን አዲስ ነው የምገዛው፣ እዚያ ላይ እስማማለሁ። ጫማም እንደዚያው። ያገለገለ ጫማ የሌላ ልጅ እግር ቅርፅ ይዞ ነው የሚመጣው።

ደግሞ አዲስ የተባለውም እኮ ሱቅ ውስጥ ስንት እጅ እንደነካው አይታወቅም። አዲሱንም ሳያጥቡ አለማልበስ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

የቡቡ እናት፣ እህትሽ ሜሪላንድ ካለች ጎረቤቴ ናት ማለት ነው። ስለ ሻንጣው እኔ ልናገር፣ በየዓመቱ የዘመድ ልጅ ልብስ ስሸከም የኖርኩ ሰው ነኝ።

መጀመሪያ ጊዜው። ሜሪላንድ ውስጥ በየዓመቱ ከኦገስት ሁለተኛ እሑድ ጀምሮ ለአንድ ሳምንት፣ እስከ 100 ዶላር በሚሸጥ በእያንዳንዱ ልብስና ጫማ ላይ 6 በመቶው የሽያጭ ታክስ አይከፈልም። ለትምህርት ቤት መክፈቻ ተብሎ ነው። ነሐሴ መጨረሻ የምትመጣ ከሆነ በደንብ ይደርስላታል።

ቁጥሩን ንገሪያት፣ አለበለዚያ በግምት ትገዛለች። እዚህ የልጅ ልብስ 2ቲ፣ 3ቲ፣ 4ቲ እየተባለ ነው የሚሸጠው። ቲዋ የሕፃናት ልክ ነው ለማለት ናት፣ ወገብና መቀመጫው ላይ ዳይፐር የሚይዝ ቦታ ይተውለታል። ልጅሽ አሁን 2ቲ ብትለብስ እንኳ 3ቲ ታምጣ። ባለ ላስቲክ ቱታ ሱሪ በአንድ ጥቅል ብዙ ሆኖ ይሸጣል፣ ያንን። ቀሚስ እንዳታመጣ በግልጽ ንገሪያት፣ እንዳታፍሪ፣ እህትሽ ናት።

ከልብሱ በላይ ግን ሁለት ነገር አዛት። አንዱ በካውያ የሚለጠፍ የስም መለጠፊያ ነው፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ማሳተም ትችላለች፣ ማርከር እየደጋገሙ ከመጻፍ ይገላግላል። ሌላው ውሃ የማያሳልፍ ዚፕ ያለው ከረጢት ነው። ነርሰሪዎች የረጠበ ልብስ በፌስታል አድርገው ነው የሚልኩት፣ ፌስታሉ ቦርሳ ውስጥ ሲቀደድ ምሳ ዕቃውም አብሮ ይሸታል።

ስለ ጃኬት አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። አሜሪካ ውስጥ የልጅ ጃኬት ኮፍያና አንገት ላይ የሚጎተት ገመድ እንዳይኖር በፈረንጆቹ 1996 መመሪያ ወጥቷል፣ ምክንያቱም ገመዱ ሸርተቴ ላይ እየያዘ ልጆች ታንቀው ሞተዋል። አዲስ አበባ ስመጣ ግን ገበያ ላይ በየሱቁ ባለ ገመዱን አያለሁ። ካለሽ ምዘዢው፣ ኮፍያው ያለ እሱም ይቆማል። እዚህ መዋያዎች የአንገት ሐብልም ያስወልቃሉ። የኔ ልጅ ስትገባ ማተቧን አውልቁ ብለውን ቤታችን ውስጥ ስንት ቀን ክርክር ነበር።

የቡቡ እናት፦

ኧረ ማተቡን እኔ ጭራሽ አላሰብኩትም! አሁን እናቴን ጠየቅኳት፣ «ይህንንማ እንዳልሰማሽ» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። የኔዋ ማተብ ጥቁር ወፍራም ክር ነው፣ ከእንጨት መስቀል ጋር። እናንተ ምን አደረጋችሁ?

እግረ መንገዴን ሌላም ልጠይቅ። ልጄ የኔን ነጠላ ጨብጣ ካልሆነ አትተኛም። ሙሉውን ነጠላ ልላክ እንዴ? ዘርፉ ደግሞ ጣቷ ላይ ይጠመጠማል።

አያት ነኝ፦

ልጆቼ፣ እኔ 5 ወልጄ 8 የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ማተብ መፍታትማ አይሆንም፣ እናትሽ ልክ ናት። ግን እናንተም የምታስሩት ነገር ማተብ አይመስልም። እኛ ስናሳድግ የምናስረው በቀጭን የጥጥ ክር ነበር። ልጅ ዛፍ ላይ ቢንጠለጠል፣ ጥጃ ቢጎትተው፣ ክሩ ይበጠሳል እንጂ ልጁ አይጎዳም። ተበጠሰ ብለን ሌላ እናስርለታለን፣ ክር ርካሽ ነው። ዛሬ አንገታቸው ላይ የምታስሩት የናይለን ገመድ ነው፣ በሬ ይስባል። ልጄ፣ ያንን ወፍራሙን ፍቺውና በቀጭን ክር እሰሪላት። የእንጨት መስቀሉ ቤት ይቀመጥ፣ ለቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ታደርገዋለች። እናትሽን እኔ ነገርኩሽ በያት።

ሹሩባውንም አደራ። ጫፉ ላይ ዶቃ የምትደረድሩት ነገር አያምርም አልልም፣ ግን አንዷ ስትነቅል ሌላዋ ትውጠዋለች።

ሚስ ነኝ፦

እማማ እውነትዎን ነው፣ እኛም የምንለው ይህንኑ ነው፣ ግን ከእኛ አፍ ሲወጣ ወላጅ ይቀየመናል። ማተብ አውልቁ ብዬ አላውቅም፣ በአንድ ጣት ሳብ ሳደርገው የሚበጠስ ይሁን ነው የምለው። አንገት ላይ የላላ ረጅሙ ነው የሚያስፈራኝ፣ በተለይ ሸርተቴ ላይ። ከካኔተራ ሥር ቢገባም በጨዋታ መሃል ይወጣል። በሌሊት ልብስ ላይ የሚንጠለጠል ክር፣ የሹራብ ማሰሪያ፣ ስካርፍም ያው ነው። ስካርፍ አትላኩ፣ አንገትን የሚሸፍን ኮፍያ ይሻላል።

ስለ ዶቃው እማማ የተናገሩትን በዓይኔ አይቻለሁ። አልዋጠችውም፣ አፍንጫዋ ውስጥ ነው የከተተችው። ክብ ሆኖ የሚንጠለጠል ጉትቻም በሹራብ ክር ይያዛል፣ ጆሮ ላይ ልጥፍ ያለው ይሁን።

ነጠላውን ሙሉውን አትላኪ፣ እንቅልፍ ላይ ይጠመጠማል፣ ቀን ላይ ደግሞ ወለል ለወለል ይጎተታል። ትንሽ ቁራጭ ግን ላኪ፣ ሳታጥቢው። ንጹሕ ካልሆነ ብለሽ በኦሞ ብታጥቢው ትርጉሙ ጠፋ፣ ልጅቷ የምትፈልገው ያንቺን ሽታ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ፦

ሰላም። ሾላ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። በየመስከረሙ የምሰማትን አንዲት ቃል ላንሳ፦ «ያድግበታል»። የ2 ዓመት ልጅ ይዘው የ5 ዓመት ሱሪ ይገዛሉ፣ ያድግበታል። ልጁ እየረገጠው በፊቱ ይደፋል፣ ያድግበታል። ዓመቱ ሲያልቅ ልክ ሲሆንለት ሱሪው አርጅቷል።

መጠነኛ ያድግበታል ይቻላል። አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ግዙ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። የትርፉን እግር ወደ ውጪ አትጠቅልሉት፣ ይፈታል፣ አፈርም ይሰበስባል። ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በእጅ ሰፋ ሰፋ አድርጋችሁ ወጋ ወጋ አድርጉት፣ ከ4 ወር በኋላ በመቀስ ፈታ ነው። ወገቡ ቢሰፋ ከውስጥ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ከፍቼ ላስቲኩን አሳጥርና ትርፉን እዚያው እተወዋለሁ፣ ልጁ ሲወፍር መልሼ ነው የምለቅለት። ሌላ ሱሪ ከመግዛት ይህ ይረክሳል። ጉልበቱ ላይ ደግሞ ከመቀደዱ በፊት ከውስጥ እራፊ አስደርቡ። ከተቀደደ በኋላ የሚመጣ ሰው ሁለት ሥራ ነው የሚያሠራኝ።

ቁጥሩ የሚያደናግራችሁ ልብስ ላይ ዕድሜውን ተዉት። ከቱርክም ከቻይናም የሚመጣው ላይ 86፣ 92፣ 98 ወይም 90፣ 100፣ 110 የሚል ቁጥር ካያችሁ የልጁ ቁመት በሴንቲ ሜትር ነው። ልጁን ግድግዳ ላይ አቁማችሁ ለኩና ቁጥሩን ይዛችሁ ገበያ ውጡ። ልጁ ባይኖርም ትገዛላችሁ። እንቅልፍ የመጣበት ልጅ ይዞ መርካቶ መዞርን ለጠላቴም አልመኝም።

ጫማ ሙያዬ አይደለም፣ ግን ጫማ ላይ ያድግበታል የሚባል ነገር የለም። ማታ ላይ፣ እግር ቀን ሙሉ ቆሞ ሲያብጥ፣ ወረቀት ላይ አቁማችሁ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩ። ከረጅሙ ጣት ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ይበቃዋል። ወረቀቱን ቆርጣችሁ ሱቅ ውሰዱና ጫማው ውስጥ ክተቱት፣ ከታጠፈ ጠባብ ነው። በየ2 እና 3 ወሩ ድገሙት።

አንድ የራሴ ብልሃት ልጨምር። ማንበብ የማይችል ልጅ ስሙ ቢጻፍለት ምን ያደርግለታል? ለልጆቼ ሱሪ ሁሉ ወገቡ ላይ ከውስጥ በፊት በኩል በቀይ ክር መስቀለኛ እሰፋለሁ። ቀዩ ሆድ ላይ ነው ብለሽ አንድ ጊዜ ብታሳያት የፊትና የኋላውን ራሷ ትለያለች፣ የራሷ መሆኑንም እንደዚያው።

የነጠላውን ነገር፣ ከጥጉ መሐረብ የምታክል ቆርጠሽ ዘርፉን አውጥተሽ ዳሩን አስለቅሚው። የ5 ደቂቃ ሥራ ነው፣ ማንም ሰፊ ይሠራልሻል።

የቡቡ እናት፦

ተመለስኩ። ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

8 ሱሪ ገዛሁ፣ 4 ከሰልቫጅ፣ 4 እህቴ አመጣች (አንድ የልደት ቀሚስም አምጥታለች፣ ምን ላድርጋት)። የ10 ቁጥሩን ፈተና ሁሉም አለፉ፣ ከአንዱ ታይት በስተቀር። የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት በቀን 3 ጊዜ ረጠበች፣ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ሐሙስ ዕለት ደረቅ ሆና መጣች። ዛሬም ደረቅ ናት። 12ቱ ሙታንታ ላይ ስቄ ነበር፣ የመንታዎች አባት ይቅርታ አድርግልኝ።

ማተቡን እናቴ ራሷ በቀጭን ክር አሰረችው። አያት እንዲህ አሉ ስላት «ታዲያ ይሄ ሌላ ነገር ነው» አለች፣ እኔ ስለው የነበረውን ማለቴ ነው። የነጠላዋን ቁራጭ አስለቀምኳት፣ ጠዋት ጠዋት ኪሷ ውስጥ ከትታ ነው የምትሄደው። ሽርጥ የላቸውም ለካ፣ የራሳችሁን አምጡ አሉ። የመጀመሪያው ቀን ቲሸርት አልጫ ነክቶታል፣ አሁን ሽቦው ላይ ተሰጥቶ ፀሐዩን እየጠበቀ ነው፣ ደመናው እምቢ ብሏል እንጂ።

አንድ ችግር ብቻ። ትናንት የመጣችው በሰው ሱሪ ነው። ሰማያዊ፣ ጉልበቱ ላይ መኪና ያለበት፣ ለእሷ ትንሽ የሚረዝም። የኛ አበባማው የለም። ገልብጬ ስሙን ፈለግኩ። «ዮናታን» ይላል፣ የአባት ስም የለውም። ጠዋት ክፍሏን ስጠይቅ ዮናታን ሁለት ናቸው።